ጭነት የሚወርድባት ከተማ

ልቤን የያዘው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው የአሮጌው ምድር ባቡር ግቢ ነው። እዚህ የሚመጣ እንግዳ ፎቶ የሚያነሳው የጣቢያውን ፊት ለፊትና የቆሙትን ሎኮሞቲቮች ነው። እኔ ግን ዓይኔን መንቀል ያቃተኝ ከጀርባ ካለው ነገር ነው፤ ዕቃ ይራገፍበት ከነበረው ስፍራ፣ ከጭነት ፉርጎዎቹ፣ አሮጌ ማሽኖቹ በየቦታቸው ከቆሙበት ወርክሾፕ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት ሲባል እንሰማለን። አባባሉ እውነት ቢኖረውም ይጎድለዋል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ በተዘረጋው 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ላይ ባቡር ሲያልፍባቸው ኖረው ዛሬም ትንሽ መንደር የሆኑ ጣቢያዎች ብዙ ናቸው። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ጭነቱ እዚህ መውረዱ፣ መቆጠሩ፣ ማደሩና እንደገና መጫኑ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ በመጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ሐረር ግን ደጋ ላይ ናት። ተራራውን መውጣት ወጪው ስለከበደ መስመሩ በግርጌ፣ ቆላውን ይዞ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የዛሬዋ ድሬዳዋ ካለችበት ከደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ፤ አዲሱ ሰፈርም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አለቀ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለኩባንያው ኪሳራ የሆነው ይህ መቆም ለድሬዳዋ መወለጃዋ ሆነ። ከወደብ የመጣው ሸቀጥ እዚህ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣል፤ የደጋው ቡናና ቆዳ በዚያው መንገድ ወርዶ በፉርጎ ይጫናል። በዚህ መሐል ጉምሩክ ያስፈልጋል፣ መጋዘን ያስፈልጋል፣ ወዛደር፣ ግመል ነጂ፣ ደላላ፣ ምግብና ማደሪያ ያስፈልጋል። አረቡም ህንዱም ግሪኩም አርመኑም ሱቅ የከፈተው ጭነቱ እዚህ ስለሚያድር ነው። ተቃራኒው ማስረጃ ደግሞ ሽቅብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ሐረር ለዘመናት የሲራራ ንግድ መናኸሪያ ነበረች፤ ጭነቱ ግርጌ መራገፍ ሲጀምር ግን የጀጎል ግንቧም ሆነ የቆየ ዝናዋ የንግድ ቀዳሚነቷን ሊያስጠብቁላት አልቻሉም።

ይህን እያሰብኩ ወደ አዲሱ ጣቢያ ስሄድ ነው የከፋኝ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ከከተማው ውጪ ያልፋል፤ ጣቢያውም ከገበያው የራቀ ነው። ብዙው ኮንቴይነር እንደታሸገ ድሬዳዋን አልፎ ወደ ሞጆና ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ ይገሰግሳል። የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ ጭነት በየመንገዱ መቆሙ ለአገር ብክነት ነው፣ አሮጌው ባቡር አዝጋሚ ነበር፣ ሐዲዱም አንድ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ጠባብ ነበር ይባላል። ትክክል ነው። ስንዴና ማዳበሪያ የሚጠብቅ ገበሬ ለድሬዳዋ ትዝታ ሲባል ሊዘገይበት አይገባም። እኔም ባቡሩ ያለ ምክንያት ይቁም አልልም። የምለው፣ ለመቆም ምክንያት ይፈጠርለት ነው። ሌላው ተቃውሞ፣ ከተማዋ ያለ ባቡርም በንግድ ትኖራለች፣ የአሸዋንና የታይዋንን ገበያዎች ተመልከት የሚል ነው። እነዚያ ገበያዎች የታወቁበት ሸቀጥ ግን ለረጅም ጊዜ የመጣው በዚያው በጅቡቲው ባቡር ነበር። የገበያው ልማድ አሮጌው ባቡር ከቆመ በኋላም ቀጥሏል፤ ያለ ጭነት ግን የትም አይደርስም።

ስለዚህ እዚሁ ከተማ ያለው ደረቅ ወደብና በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና ትልቅ ተስፋ ናቸው፤ የድሬዳዋን የቀደመ ሙያ በአዲስ መልክ ሊመልሱ ይችላሉና። የሚመዘኑት ግን በአጥራቸው ስፋት ወይም በሚያልፈው ኮንቴይነር ብዛት መሆን የለበትም። ስንቱ ኮንቴይነር እዚህ ተከፈተ? ስንቱ ዕቃ እዚህ ተገጣጠመ፣ ታሸገ፣ ተሸጠ? የምሥራቁ ቡናና የቁም ከብት እዚህ ተዘጋጅቶ ይጫናል ወይስ በሌላ መንገድ ይሄዳል? የአሮጌውን ጣቢያ ግቢም ከነመጋዘኑና ከነወርክሾፑ መጠበቅ ይገባል፤ ፊት ለፊቱን ብቻ ቀብቶ ጀርባውን ማፍረስ ታሪኩን ግማሽ ማድረግ ነው። አዲስ ሐዲድ የሚዘረጉ ሰዎች ይህን ግቢ ዞረው ቢያዩት፣ ባቡር ከተማን የሚጠቅመው ለከተማው ሰው ሥራ ጥሎለት ሲያልፍ እንደሆነ ይረዱ ነበር።