የትኛው ወዳጅነት?

የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የወጣችው መልእክት አጭር ነበረች፦ “የሙሽሮች ፎቶ 8 ሰዓት፣ ወዳጅነት ፓርክ።” አጎቴ ሱፉን ግጥም አድርጎ በሰዓቱ ከተፍ አለ። ከተፍ ያለው ግን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ ትግላችን ሐውልት ሥር ነው። ሙሽሮቹ ሸራተን አካባቢ በሙዚቃ ከሚጨፍረው ፏፏቴ ፊት ይሽከረከራሉ፤ እሱ ከቀዩ ኮከብ በታች ቆሞ ይደውላል።

“ወዳጅነት ደርሻለሁ፤ የት ናችሁ?”

“እኛም ወዳጅነት ነን፣ ጋሼ!”

አጎቴን ማን ሊወቅሰው ይችላል? በልጅነታቸው ኩባ ሄደው ከተማሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። የተማረባት ደሴት ራሷ ድሮ የጥዶች ደሴት ስትባል ቆይታ፣ እነሱ ከመድረሳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ የወጣቶች ደሴት የተባለች ናት። እና ስም ሲቀየር ማየት ብርቁ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ለእሱ ወዳጅነት የሚባል መናፈሻ አንድ ብቻ ነው፤ ኢትዮ-ኩባ። ሌላውን “ከኋላ የመጣ ዓይን አወጣ” ብሎ ዘግቶታል። ሠርጉ ካለፈ በኋላም እኔን አለቀቀኝም፤ “አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፍ የለ? ስሙን ማን ቀድሞ እንደያዘው ጻፍ እንጂ!”

ማን ቀድሞ እንደያዘው ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ትግላችን (ድላችን የሚሉትም አሉ) የተመረቀው መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ አብዮቱ ዐሥር ዓመት ሲደፍን። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ ነው። ግራና ቀኝ የኩባውያኑ ፎቶግራፍ ተደርድሯል። አብዛኞቹ የወንድሜ ልጅ እኩያ ናቸው፤ ጢማቸው በቅጡ ያልወጣ። የካቲት 26 የካራማራ ድል ሲታሰብ የአበባ ጉንጉን የሚቀመጠው እዚያው ነው። እስከዚህ ነገሩ ቀጥ ያለ ነው። የኩባ ልጆች መጥተው ከእኛ ጋር ሞቱ፤ እኛም ስማቸውን በመናፈሻ አኖርን። የሚያወላግደው፣ ሐውልቱን የሠራው ማን ነው ስትሉ ነው። ኩባ አይደለችም። ሶቪየት ኅብረትም አይደለችም። ሰሜን ኮሪያ ናት።

እዚህ ላይ ለአጎቴ መልሱን ሰጥቼ፣ ሒሳቤን ዘግቼ መቀመጥ ነበረብኝ። ያደግሁት ግን ኮሪያ ሰፈር አጠገብ ነው፤ ኮሪያ የሚል ነገር ከተነሣ በቀላሉ አልላቀቅም። ልጅ ሳለን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ስለ በረዶ ሲያወሩ እንሰማ ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ በረዶ የሚያወራ ሰው፣ ልጅ ጆሮ ላይ ከተረት ይበልጣል።

ሽማግሌዎቹ የዘመቱበት ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ወደ ኮሪያ ጦርነት ተሸኝቶ የሄደው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በዙር በዙር ከ6 ሺህ በላይ ሰው ዘመተ። የሞቱት 121 ናቸው የሚል አለ፣ 122 የሚልም አለ። ሁሉም የሚስማሙበት ግን ከመካከላቸው አንድም የተማረከ አለመኖሩ ነው። በደርግ ጊዜ፣ “ኮሚኒስት የወጉ” ተብለው ሜዳሊያቸውን ደብቀው የኖሩ እንደነበሩ ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ። ማንን ነበር የወጉት? ሰሜን ኮሪያን። ከሰሜን ኮሪያም ይበልጥ፣ ኮረብታ ለኮረብታ የተናነቁት ከቻይና ጦር ጋር ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሰሜን ኮሪያ ከ33 ዓመት በኋላ መጥታ ቸርችል ጎዳና ላይ ሐውልት አቆመችልን፤ ቦታው ኢትዮ-ኩባ ወዳጅነት መናፈሻ ሆነ። ቻይና ደግሞ ከ69 ዓመት በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2012 ዓ.ም. የተመረቀውን ፓርክ በድጋፏ አሠራችልን፤ ቦታው ወዳጅነት ተባለ። በከተማችን ወዳጅነት በሚል ስም የሚጠሩት ሁለቱ መናፈሻዎች፣ ሁለቱም፣ ቃኘው ሻለቃ ሲተኩስባቸው የነበሩት መንግሥታት እጅ አለባቸው።

ያኔ ከጎኗ የተሰለፍንላት ደቡብ ኮሪያስ? እሷም መናፈሻ አላት። አፍንጮ በር ነው፤ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ። እዚያ በር ላይ ወዳጅነት የሚል አልተጻፈም። መታሰቢያ ነው። እውነተኛ ወዳጅ መሆኑ የታወቀ ሰው ወዳጅ ነኝ ብሎ ታፔላ አይሰቅልም ልል ፈልጌ ነበር፤ አጎቴ ስለሚያነበው ትቼዋለሁ። ኩባ ሁለቱንም ሆናለችና፤ ታፔላም ሰቅላለች፣ ወዳጅም ነበረች።

ከትግላችን ተነሥታችሁ ወደ አፍንጮ በር በእግር ውጡ። ቸርችልን አቀበቱን ትወጣላችሁ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ታልፋላችሁ፣ ፒያሳን አቋርጣችሁ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሽቅብ። ከሰሜን ኮሪያ እጅ ሥራ ተነሥታችሁ ደቡብ ኮሪያ መታሰቢያ ደረሳችሁ ማለት ነው፤ ፓስፖርት የጠየቃችሁ የለም። የሁለቱ ኮሪያዎች ድንበር አዲስ አበባ ላይ ፒያሳ ነው። ያውም በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ የድንበሩ ብዙ ክፍል ፈርሷል፤ እውነተኛው ድንበር ላይ ያለችው ፓንሙንጆም ያልታደለችውን።

ንጉሡስ ቢሆኑ? ቃኘውን መርቀው የሸኙት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1960 ዓ.ም. ቹንቾን ከተማ ሄደው ለዘማቾቻቸው የቆመውን ሐውልት መረቁ። እዚያው ሐይቅ ዳር “ኢትዮጵያ ቤት” የሚባል ቡና ቤት አለ፤ ስሙን ያወጡት እሳቸው ናቸው ይባላል። ከዚያ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። በዚህ ሁሉ መሐል ከአራት ዓመት የበለጠ አላለፈም። የመናፈሻ ስም አውጪዎች ከሳቸው ካልተማሩ ከማን ሊማሩ ኖሯል?

ወደ መናፈሻው ልመለስ። አዲሱ ወዳጅነት የተወለደው “ሸገርን ማስዋብ” በሚለው ዘመቻ ውስጥ ነው፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ለአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት “ገበታ ለሸገር” የተዘጋጀበት ዘመቻ ማለቴ ነው። ሲመረቅ ሸገር ፓርክም፣ ወዳጅነት አደባባይም ሲባል ነበር። ሕዝቡ ሁለቱን ቆርጦ ቀጥሎ ወዳጅነት ፓርክ አለውና ጸደቀ። ከእሱ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተከፍቷል። ያኔ መግቢያው ለአገሬው ሰው 200 ብር ነበር፤ ልዩ እንግዳ ለመባል ደግሞ 1000 ብር። ቤተ መንግሥት በገንዘብ ሲገባ ያን ጊዜ አየሁ። አንዳንዱ ሰው እንደሚለው ውድ ነው ብዬ አልጮህም። ገንዘቡ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ሆኖ ተመልሷል፤ የድሮ መናፈሻዎቻችንን መጸዳጃ ቤት ያየ ሰው ይህን አይንቅም።

የድሮዎቹን ማን ነበር የሚያስተዳድራቸው? በአንድ ወቅት የከተማው መናፈሻዎች በ“ውበት፣ መናፈሻና ዘላቂ ማረፊያ ልማትና አስተዳደር ኤጀንሲ” ሥር ነበሩ። ዘላቂ ማረፊያ ማለት መካነ መቃብር ነው። ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ላይ አግዳሚ ወንበር የሚያስቀምጠውና የመቃብር ቦታ የሚያዘጋጀው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን ያዋቀረው ሰው ብልህ ነበር እላለሁ። ሁለቱም ዓይነት ተገልጋይ ሣር ላይ ጋደም ማለት ነው የሚፈልገው። ልዩነቱ አንደኛውን ጥበቃ አይቀሰቅሰውም።

እኔን ግን ቀስቅሶኛል። የትኛው መናፈሻ እንደሆነ አልናገርም። ከፍዬ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ጋዜጣ ፊቴ ላይ አድርጌ ነበር የተጋደምኩት። “ሣር ላይ መተኛት ክልክል ነው።” እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። “መቀመጥም።” ቆምኩ። “መርገጥም!” ወደ መንገዱ ወጣሁ። ወዲያው ሙሽራና ሙሽሪት ከነሚዜዎቻቸው፣ ከነቪዲዮ ቀራጩ፣ ከነድሮኑ መጥተው እኔ ከተነሣሁበት ሣር ላይ “እልል በሉ!” ተባሉ። ለካ ሣሩ የፎቶ ነው፤ ለፎቶ ደግሞ ለብቻው ይከፈላል። ከመናፈሻዎቹ አንዳንዶቹ ለግለሰብ ተከራይተው ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ሲገባባቸውም ሣሩ እንዲሁ ነበር፤ ሠርግ ይረግጠዋል፣ ተነባቢ ጋዜጣ የያዘ ጎልማሳ ይከለከላል። አስተዳደሩ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ ቢሮ፣ ከኤጀንሲ ወደ ኮሚሽን ሲዘዋወር ያልተቀየረ ፖሊሲ ቢኖር ይህ ብቻ ይመስለኛል። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በየመንገዱ ዳር ወንበር ተደርድሮ ማንም በነፃ ሲቀመጥ ሳይ ደስ ይለኛል። ሣሩን ግን አሁንም በሩቁ ነው የማየው።

አሁን ወደ አጎቴ ክስ። “ስሙ መያዙን ረስተው ነው፤ ኩባን ረስተዋታል” ይላል። የእኔ ግምት ሌላ ነው። አልረሱም፤ ተምረዋል። አብዮት አደባባይ ተመልሶ መስቀል አደባባይ ሆኗል። አፍሪካ አዳራሽ አጠገብ በኩራት ይራመድ የነበረው ሌኒን በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ያለው የምሥራቅ ጀርመን ስጦታ፣ ካርል ማርክስ፣ እስከ ዛሬ አለ፤ እግር የሌለው የቀይ ድንጋይ ራስ ስለሆነ ለመጣል አመቺ አይደለም። ሰጪዋ አገር ግን ራሷ የለችም። ይህን ሁሉ ያየ ስም አውጪ ምን ያደርጋል? ወዳጅነት ይላል፤ ከማን ጋር እንደሆነ አይጽፍም። ቻይና ነገ ብትከፋ፣ ሌላ ወዳጅ ቢመጣ፣ ታፔላው አይነቀልም። ክፍት የሥራ ቦታ ነው። ኢትዮ-ኩባ የሚለው ግን ባለቤቱን ጽፎ ተቀምጧል፤ እስከ አሁን መቆየቱ ራሱ ድፍረት ነው።

አጎቴ ይህን ግምት አልወደደውም። “እንግዲያው ከኛው ጋር እንዳይምታታ፣ እነሱ ስማቸው ላይ ጭራ ይቀጥሉ!” አለ። ጭራ መቀጠል እንኳ ሌላ ቦታ ተሞክሯል፤ የተሞከረው በእኛው ስም ላይ ነው። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች እኛ ሜክሲኮ አደባባይ አልን፤ እነሱም በዋና ከተማቸው ኢትዮጵያ አደባባይ አሉ። በ1980 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የምድር ባቡር ሲደርስበት ጣቢያውን ኢትዮጵያ ብለው ምልክቱን የአንበሳ ራስ አደረጉት። ቆየት ብለው ግን “የግልጽነት አደባባይ” የሚል ጭራ ቀጠሉበት። ማንም አላማከረንም፤ ግልጽነቱ እዚህ ድረስ አልደረሰም። የእኛ ሜክሲኮ ላይ ደግሞ የቀላል ባቡር ድልድይ ተጋድሞበታል። እኛም አላማከርናቸውም፤ ጣቢያውን ግን ሜክሲኮ ብለነዋል፣ ያለ ጭራ። አንበሳ ግን አልሳልንላቸውም፤ በዚህ ይበልጡናል።