መጠገንና መሸፈን

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ሐረር የጻፉ እንደ ሆነ አንባቢ የሚጠብቀው ግንቡን፣ ጅቡንና ራምቦን ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ከአንዲት ዶቅዶቄ የኋላ እግር ስለሚንጠባጠብ ዘይት ነውና፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሦስት ሆነን አዋጥተን የገዛናት ይህች ዶቅዶቄ ለጥርጊያ መንገድ የተሠራች ናት። ማደሪያዋ ከኤረር በር አጠገብ ነው። ኤረር በር ከጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ሲሆን ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኤረር ሸለቆ አዙሯል፤ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማይቱ የገባው በዚሁ በኩል ነው። በርተን በበቅሎ መጣ፤ እኛ ሁለት ሰው ባፈናጠጠች ዶቅዶቄ ድንጋይና አቧራ ወደ ሞላው ቁልቁለት እንወርዳለን።

ታዲያ አንድ ቀን የኋላው አሞርዛተር ዘንግ በዘይትና በአቧራ ተለውሶ ተገኘ። ጋራዥ ብንወስዳት መካኒኩ፣ «ኮርቻውን ተጫኑና ልቀቁት» አለን። ጤነኛ ብትሆን አንድ ጊዜ ተመልሳ ጸጥ ማለት ነበረባት። የእኛይቱ ሦስት ጊዜ ዘለለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸክሙን የሚሸከመው ጥምዝምዙ የብረት ሞላ ነው። ሞላ ግን ቂመኛ ነው፤ የተጫኑትን ያህል መልሶ ይወረውራል። ቁጣውን የሚያበርደው በውስጥ ያለው ዘይት ነው። ፒስተኑ ሲወርድና ሲወጣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ተጨንቆ ያልፋል፤ የዝላዩም ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ይህን ዘይት የሚጠብቀው በዘንጉ ዙሪያ ያለ አንድ የጎማ ቀለበት ብቻ ነው። ጠጠር ዘንጉን ከጫረው፣ የተጫረው ዘንግ ቀለበቱን ይበላል፤ ዘይቱም ይወጣል። ያን ጊዜ መንኰራኩሩ መሬት እየለቀቀ ይዘላል፤ መሬት ያልነካ መንኰራኩር ደግሞ ፍሬን ቢይዙት አያቆምም። በቁልቁለት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለተማሪ ማስረዳት አያሻም።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ «በቤንዚን ወልውለን ገበያ እናውጣት» አለ። እውነትም የተወለወለ ዘንግ ለአንድ ቀን ምሥጢር ይጠብቃል። ሁለተኛው ግን፣ «ገዢው ማን ይመስልሃል?» ብሎ ጠየቀው። ገዢውማ ከሸለቆው ፍራፍሬ ጭኖ የሚወጣ፣ ሲመለስም ሚስቱን ከኋላው የሚያፈናጥጥ ሰው ነው። ሁለት ማታ ተከራክረን መሸጡ ቀረ።

ሁለተኛው ፈተና ከሌላ ጋራዥ መጣ። «በስቼ የሞተር ዘይት ልጨምርበትና ልበየደው» የሚል ባለሙያ አገኘን። ዋጋው ርካሽ ነበር። ነገር ግን የእኛ አሞርዛተር ውስጥ ናይትሮጅን ታምቋል፤ ግፊቱ ሳይለቀቅ የበሳው ሰው ራሱን ይጎዳል። ናይትሮጅኑ ከሌለም ዘይቱ በቀላሉ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለ ችግር ስለሚሾልክ ምንም ዝላይ አያበርድም። አመስግነን ወጣን።

ይህን ስንል የአገራችንን መካኒክ መናቃችን አይደለም። በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፔጆ 404 ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በታክሲነት ያኖረችው ሐረር ናት፤ ይህም የሆነው በባለሙያዎቿ እጅ ነው። የሆነ ሆኖ መጠገን ሌላ፣ መሸፈን ሌላ ነው። የጠገነ ሰው የተበላሸበትን ምክንያት ያስወግዳል፤ የሸፈነ ሰው ጉዳቱን ለሚቀጥለው ሰው ያስተላልፋል። እኛም ነገ ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ ስንቀመጥ ሁለቱም መንገዶች በፊታችን ይቀርባሉ።

አሞርዛተሩን ፈትተን መሣሪያው ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ ላክነው። ዘንጉም ቀለበቱም ተለወጠ፤ ዘንጉ እንደ ተጫረ ቀለበቱን ብቻ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነውና። ዘይቱ አየሩ ወጥቶለት ተሞላ፤ ናይትሮጅኑም ታመቀ። የኪሳችን ገንዘብ አለቀ፤ ለአንድ ወርም በእግራችን ኳተንን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከእናንተ መካከል ያገለገለች ዶቅዶቄ የሚገዛ ቢኖር፣ ቀለሟን ከማድነቁ በፊት ኮርቻዋን ይጫን፤ የጎማ ቀለበቱን በጣቱ ይዳስስ። ዘንጉ ከሌላው አካሏ ይልቅ ተወልውሎ ካገኘው፣ ሻጩን ዐይን ዐይኑን ይመልከተው።