ከጎጀብ ማዶ፣ ከዛፉ ሥር

ከጅማ ተነስቶ ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሰው የጎጀብን ወንዝ ይሻገራል። ወንዙ ዳር ቆላ ነው፤ ያልበዋል። ከዚያ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ጫካውም ይጀምራል። ይህ የከፋ ምድር ነው። ቡናው ማንም ሳይተክለው በቅሏል። ቀፎው ከዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ኮረሪማው ከጥላ ሥር ነው። ዩኔስኮ የከፋን ደን ሊጠበቅ የሚገባው ብሎ በ2002 ዓ.ም. መዝግቦታል።

እንግዳ ሰው ጫካ ሲገባ ሽቅብ ያያል። ቀረሮው ረጅም ነውና አይፈረድበትም። እናንተ ግን ወደ መሬት እዩ። በእንደዚህ ያለ እርጥብ ደን፣ ከምንጭ አጠገብ፣ መሬቱ አረንጓዴ ምንጣፍ የለበሰ የሚመስልበት ቦታ አለ። ጎንበስ ብላችሁ ብትዳስሱት ሣር አይደለም። ቅጠሏ ደቃቅ ነው። ግንዷ እንደ ክር የቀጠነ ሆኖ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ በየመገጣጠሚያውም ሥር ያወጣል።

የሳይንስ ስሟ ሴላጂኔላ ክራውስያና ነው። ክራውስ በደቡብ አፍሪካ ዕፅዋት የሰበሰበ ጀርመናዊ ነበር። ተክሏ አበባ የላትም፤ ዘርም የላትም። የምትራባው እንደ ዱቄት በላመ ብናኝና በመሳብ ነው።

ታዲያ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከዘመዶቿ መካከል 30 ሜትር የሚደርሱ ዛፎች ነበሩ። እነሱ ወድቀው፣ ተቀብረው፣ የድንጋይ ከሰል ሆኑ። ስንቱ ባቡር በእነሱ ሄዷል!

ጥቅሟ ምንድን ነው? ጥላ በበዛበት ቦታ ሣር ፀሐይ ስለሚያጣ ይሳሳል። አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። ዝናብ ሲመታው ይፈርሳል፤ ውኃው ይዞት ይሄዳል። እሷ ግን ጥላ ትወዳለች። ጠብታው በቅጠሏ ላይ ያርፍና ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ሥሯ ጥልቅ ስላልሆነ ቦይ የከፈተ ጎርፍን አታቆምም። ለዚያ እርከን ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአውስትራሊያ ማዶ፣ ባሕር መካከል፣ ኒው ዚላንድ የሚባል አገር አለ። እዚያ ለአትክልት ቦታ ማስጌጫ ብለው ወሰዷት። ከአጥር አልፋ ጫካ ገባች። ምንጣፏ ከመወፈሩ የተነሳ የአገሩ ዛፍ ዘር ቢወድቅ መብቀያ አጣ። ቁራጯ በጫማ ጭቃና በመኪና ጎማ ተጣብቃ ትሄዳለች። ዛሬ በዚያ አገር እሷን መሸጥና ማራባት ክልክል ነው። ስለዚህ እናንተም ከሌለችበት አገር አትውሰዷት። በአካባቢያችሁ ጫካ ካለች ግን መትከል ይቻላል።

የሚተከለው ክረምት ሲገባ ነው። ሥር ያወጣ ግንድ አንድ ስንዝር ያህል ቁረጡ፤ ከአንድ ቦታ ሁሉንም አትንቀሉ። ከጓሮ፣ ከዋንዛ ወይም ከሌላ ዛፍ ጥላ ሥር አፈሩን አለስልሱ። የበሰበሰ ቅጠል ቀላቅሉበት። ግንዱን አስተኝታችሁ በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ዝናብ ከቀረ ውኃ አርከፍክፉ፤ ደረቅ መሬትና የጠራራ ፀሐይ ይገድሏታል። የችግኝ መደብና የጎመን ማሳ አጠገብ አትትከሏት፤ ደቃቁን ቡቃያ ታፍናለች። ሰው አልፎ አልፎ ቢረግጣት ምንም አይደለም። ከብት ግን በላይዋ ማለፍ የለበትም።