«የመጨረሻውን ንገረኝ»

ሰውን ማስለቀስ ይቀላል። እናቲቱን አልጋ ላይ ማስተኛት፣ አንዲት ደብዳቤ ማዘግየት፣ ከበስተኋላ ዋሽንት ማስነፋት ነው፤ የቀረውን እንባ ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት ይመጣል። ማሳቅ ግን ሌላ ነው። በፍቅር ማሳቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ ተመልካቹ እየሳቀ እንዲሰጋ ይፈለጋልና። የአድማሱ ከበደ «የወንዶች ጉዳይ» እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ ከተወደደ ወዲህ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» የሚባለው ዓይነት በየሲኒማ ቤቱ ተበራክቷል። እኔም አማኑኤል ሰፈር፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ይህን አጻጻፍ መማር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስይዝ የተማርኩት ዋናውን ነገር በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መናገርን ነው፦ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን። የፍቅር ኮሜዲ ትምህርት የሚጀምረው ይህን ከመገልበጥ ነው። ልጁ ልጅቱን እንደሚወዳት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከተናገረ ፊልሙ እዚያው አለቀ። አንድ ገጽ ባማካይ አንድ ደቂቃ ነው ይባላል፤ እንግዲህ ሥራው መቶ ገጽ ሙሉ ሁለት ሰዎች ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ነገር እንዳይናገሩ ማድረግ ነው። አስተማሪ ስላልነበረኝ ፊልም እያስቆምኩ በደብተር ላይ ገለበጥኩ። በየትዕይንቱ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነበር፦ ማን ነው? ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው? ከሦስቱ ሸክሙን የሚሸከመው ሦስተኛው ነው።

ይህን ጥርት አድርጎ ያሳየኝ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የፍራንክ ካፕራ «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ነው። ጽሑፉ የሮበርት ሪስኪን ነው። ከሀብታም አባቷ የኮበለለች ልጅና ከሥራው የተባረረ ጋዜጠኛ መንገድ ላይ ተገናኝተው አንድ ክፍል ለመጋራት ይገደዳሉ። ሰውየው በሁለቱ አልጋዎች መካከል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅልና «የኢያሪኮ ግንብ» ብሎ ስም ያወጣለታል። ከዚያ ወዲያ የሚነገረው ቀልድ ሁሉ ያን ብርድ ልብስ ተደግፎ ይቆማል። ፊልሙ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ምርጥ ተዋናይ፣ ምርጥ ተዋናይትና ምርጥ የፊልም ጽሑፍ ተብሎ አምስቱን ታላላቅ የኦስካር ሽልማቶች ጠቅልሎ ወስዷል። በመጨረሻ ግንቡ ሲወድቅ ፍቅረኞቹን አናያቸውም፤ የምናየው ብርድ ልብሱን ነው።

አማኑኤል ላደገ ሰው ይህ ብርድ ልብስ እንግዳ አይደለም። አንዲት ክፍል በመጋረጃ ተከፍላ፣ ከወዲህ ወላጆች ከወዲያ ልጆች የሚያድሩባት ቤት የምናውቃት ቤት ናት። ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው እኛ ቤት ተቀምጠን ነው። እዚህ ሁለት ወጣቶችን የሚቸግራቸው ፍቅር ማጣት አይደለም፤ ፍቅራቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ማጣት ነው።

መሰናክሉን ከአገር ቤት ማምጣት አዲስ ግኝት አይደለም። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ አድርጎታል። የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ፣ ቅኔን ከአገሩ ዘመናዊውን ትምህርት ከለንደን የቀሰመው ይህ ደራሲ፣ በ«ጠልፎ በኪሴ» የከተማ ወጣቶችን ከጠለፋ ጋብቻ ጋር አጋፈጠ፤ በ«ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ ከባላባት ወገን የሆነ የተማረ ወጣት የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ሲነሣ የሚሆነውን አሳየን። ችግሩ የተራ ኩርፊያ ወይም የተሳሳተ ደብዳቤ አይደለም፤ ወግ ነው፣ ዘር ነው፣ ዘመድ ነው። የሚያስቀንም የተማረው ሰው ለራሱ የሰጠው ግምት ከዚህ ሁሉ ጋር ሲላተም ነው።

ቃለ ምልልስን ያስተማረችኝ ግን መርካቶ ናት። አንዲት ሴት ነጠላ ትመርጣለች እንበል። ልቧ አንዱን ወድዷል፤ እሷ ግን እሱን ገፋ አድርጋ የሌላውን ዋጋ ትጠይቃለች። ነጋዴው አይቷታል፤ ያላየ ይመስላል።

«የመጨረሻውን ንገረኝ።»

«ላንቺ ስለሆነ ነው እንጂ፣ በእናቴ አያዋጣኝም።»

«እንግዲያው ተወው።»

ሴቲቱ ትሄዳለች። አረማመዷን አስተውሉ፤ መሄድም ነው መቅረትም ነው። ነጋዴው ሦስት እርምጃ ይቆጥርና «ነይ እሺ፣ ውሰጂው!» ይላል። ሁለቱም አንዲት እውነት አልተናገሩም፤ ግን ተግባብተዋል። የፊልም ጽሑፍ መምህራን ከመጨረሻው ክፍል በፊት ፍቅረኞቹ ይለያዩ ይላሉ። ምክንያቱን የገለጠልኝ ያ እርምጃ ነው፤ ካልሄደች ዋጋዋ አይታወቅም።

ጽሑፌን ያነበበ አንድ ፕሮዲዩሰር ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ታሪኩ ከአማኑኤል ወጥቶ ቦሌ ቪላ ውስጥ ይሁን፤ የባለሱቁ አማርኛ ይሰበር፤ ከአማኑኤል ሆስፒታል ያመለጠ «እብድ» እየገባ ያስቅ። ያቀረበልኝ ገንዘብ የዓመት የቤት ኪራዬን ይሸፍን ነበር። ቢሆንም ቪላው መጋረጃዬን ይወስድብኛል፤ ስምንት ክፍል ባለው ቤት ሰው ስለምን ይንሾካሾካል? የባለሱቁም ቀልድ ያለው ሒሳቡ ላይ እንጂ አፉ ላይ አይደለም፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚያተርፍ ሰው ነው። ሦስተኛው ግን ከሁሉም ከበደኝ። ለአዲስ አበባ ሰው «አማኑኤል ግባ» ማለት ተረብ ነው። እኛ በዚያ በር ስናልፍ የምናየው ምሳ ዕቃ ይዛ ልጇን ለመጠየቅ የቆመችውን እናት ነው። ምን እንደሚፈልግ ባልጠየቅነው ሰው ላይ መሳቅ ኮሜዲ አይሆንም፤ ከሦስቱ ጥያቄዎች ሁለተኛው ተዘልሏልና። ጽሑፌን ይዤ ወጣሁ። ኪራዬን ዛሬም የምከፍለው በየመጽሔቱ በምጽፈው ነው።

መጋረጃው ለዘላለም አይኖርም፤ አለመኖሩም ደግ ነው። ከሰፈራችን ወጥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። የእነሱን ፍቅር የሚፈትነው ደግሞ የመንገዱ ርዝመት፣ የታክሲው ሰልፍና የባንኩ ዕዳ ነው። ጸሐፊው ያንን ሄዶ ማየት ይኖርበታል። እንግዲህ ይህን ሙያ ለመጀመር የሚያስብ ወጣት ካለ ምክሬ አጭር ነው፦ ፍቅረኞችህን ከማገናኘትህ በፊት በመካከላቸው የቆመውን ነገር በደንብ እወቀው፤ ከተቻለህም ከሰፈርህ አምጣው። ሳቁ ከዚያው ይመጣል።