ስንት ሰከንድ እንጠብቅ?

በነፃ የትምህርት ዕድል ሪያድ መጥተን ሕክምና የምንማር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ነን። ቀኑን በሆስፒታል፣ ሌሊቱን በደብተር ላይ የምናሳልፍ ሰዎች ስለ ኮምፒዩተር ለመጻፍ መነሣታችን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን የሠራነው ስሕተት ሌሎች ጓዶችንም ያስተምራል ብለን አመንን።

በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የአንዱ ጓደኛችን ወንድም ደሴ ውስጥ የሽቦ መስመር ባለበት ቤት አንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር ተከለ። ቤተ ዘመድ መልእክቱን እዚያ ያኖራል፤ እኛም በፒ.ኤች.ፒ. በጻፍነው አጭር ፕሮግራም ከሪያድ እንቀበላለን።

ሁለት ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት በር ሶኬት ይባላል፤ የግድግዳው የመብራት ሶኬት አይደለም። መልስ እስከ መቼ እንደሚጠበቅ «ሶኬት ሴት ኦፕሽን» በተባለው ትእዛዝ ይወሰናል፤ ይኸውም ሰከንዱንና የሰከንዱን ሚሊዮንኛ ለየብቻ ይቀበላል። ልክ ካልተሰጠው ፕሮግራሙ መልስ እስኪመጣ ተገትሮ ይቀራል። እኛም መጠበቁ ሰልችቶን 2 ሰከንድ ሰጠነው፤ ጊዜው ሲያልፍም «መልእክት የለም» ብሎ እንዲጽፍ አደረግን።

ገጹ ፈጠነ፤ ደስም አለን። ጓደኛችን ግን ሳምንቱን ሙሉ «መልእክት የለም» ሲያነብ ሰነበተ። በሰባተኛው ቀን ስልክ ተሳክቶለት ሲደውል እናቱ ሆስፒታል መተኛታቸውን ሰማ። መልእክቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደሴ ተቀምጧል፤ መስመሩ ቀርፋፋ ስለ ሆነ በ2 ሰከንድ አልደረሰም።

ማሽኑ አልዋሸም፤ የዋሸነው እኛ ነን። የመቀበያው ጊዜ ሲያልፍ ሊኑክስ የሚሰጠው የስሕተት ቁጥር 11 ነው፤ ትርጉሙም «እንደገና ሞክር» ማለት ነው። 111 ግን ሌላ ነው፤ ማዶ ያለው ማሽን «አልቀበልም» ብሎ ሲመልስ የሚመጣ ነው። እኛ ቁጥሩን ሳናነብ ዝምታውን ሁሉ «የለም» ብለን ተረጎምነው።

ትምህርታችን እንኳ ይህን ሊከለክለን በተገባ ነበር። ራሱን የሳተ ሰው አንገት ላይ የደም ሥር ምት እስከ 10 ሰከንድ እንፈልጋለን። በ2 ሰከንድ «ሞቷል» የሚል ሐኪም የለም፤ ከ10 ሰከንድ በላይ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅም በሽተኛውን ይጎዳል።

በዚያው ሌሊት ልኩን 20 ሰከንድ አደረግነው፤ 11 ሲመጣ ሦስት ጊዜ እንዲሞክር አዘዝነው፤ ሁሉም ሳይሆን ሲቀር ደግሞ «አልሰማንም» እንዲል እንጂ «የለም» እንዳይል አደረግን።

የጓደኛችን እናት ተሽሏቸዋል። እርሱ ግን ያችን ሳምንት ዛሬም ያነሣብናል፤ እኛም መልስ የለንም።