እህታችሁ የስፖርት ጫማ ስትጠይቃችሁ

የምጽፍላችሁ ከኳታር፣ ከኡም ሰላል መሐመድ ነው። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማዳምም ስለ ደመወዝም አይደለም፣ ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነገሩ የሚመለከተው ብር የምንልከውን እኛን ነው።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ አስረኛ ክፍል ናት፣ 16 ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤቷ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ወረዳውን አሸንፎ ለዞን ውድድር ከሐይቅ ወደ ደሴ ሊሄድ ነው። በኢሞ ድምፅ ላከችልኝ፣ «እታለም፣ ተመርጫለሁ። ጫማ ግን የለኝም። በኮንጎ ጫማ ደግሞ አያስገቡንም» አለችኝ። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፣ ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለየሁትም።

ወዲያው ደግሞ የአባቴ መልእክት መጣ። «ስሚኝ ልጄ፣ ለጫማ ብለሽ ብር እንዳትልኪ። ሴት ልጅ ሦስት ሌሊት ውጪ አድራ ኳስ ልትጫወት? መንገዱስ ሰላም ነው ወይ? ይልቅ አስረኛን ትጨርስና አንቺ ጋ የምትመጣበትን እናስብ» አለኝ።

የመጨረሻዋ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

እኔ ያንን ውድድር አውቀዋለሁ። 2010 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አስረኛ ክፍል ሆኜ ለትምህርት ቤቴ ተሰልፌ ደሴ ሄጃለሁ። ላላያችሁት ላስረዳችሁ። መጀመሪያ ትምህርት ቤቶች በወረዳ ይጫወታሉ፣ ያሸነፈው ዞን ይሄዳል፣ ከዞን ያለፈው ክልል። ደቡብ ወሎ ሰፊ ነው፣ ከቆላም ከደጋም ልጆች ይመጣሉ። የምንተኛው ባዶ ክፍል ውስጥ ወንበሩን ወደ ጥግ ገፍተን ፍራሽ አንጥፈን ነበር። የደሴን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ዳቦና ሻይ፣ ከዚያ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቅርጫቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ነው የሚሰቀለው፣ ለወንድም ለሴትም እኩል ነው። ኳሱ ግን ይለያል። የወንዶቹ ቁጥር 7 ነው፣ የሴቶቹ ቁጥር 6፣ ትንሽ አነስ ቀለል ያለ። የእኛ ትምህርት ቤት የነበረው አንድ ኳስ ብቻ ነው፣ እሱም ቁጥር 7። ዓመቱን ሙሉ በሱ ተለማምደን ደሴ ላይ ቁጥር 6 ሲሰጡን እጃችን ላይ ቅል ሆነብን። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ የወረወርነው ሁሉ ሰሌዳውን አልፎ ይሄዳል፣ ሕዝቡ ይስቃል። እስክንለምደው ሁለተኛው ሩብ አለቀ። ጨዋታው አሥር አሥር ደቂቃ አራት ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ለመመለስ ጊዜ ነበረን። ተመልሰንም አሸነፍን።

ቀጥሎ ባለው ጨዋታ ረጅሟ ልጃችን አምስተኛ ፋውል ሠራችና ወጣች። አምስት ከሞላ መመለስ የለም። በእሷ ቦታ እኔ ገባሁ። በሦስት ነጥብ ተሸነፍን። ዋንጫ የለም፣ ሜዳሊያ የለም፣ በሚኒባስ እየዘፈንን ወደ ሐይቅ ተመለስን።

ታዲያ ምን አተረፋችሁ ትሉኝ ይሆናል። አባቴም ያኔ የጠየቀኝ እሱን ነው።

ያተረፍነው ይሄ ነው። በዚያ ውድድር ተማሪ ያልሆነች አትሰለፍም። ፎቶና ማኅተም ያለው የተማሪ መታወቂያ ካላሳየሽ ስምሽ አይመዘገብም። ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ምንም ያህል ብትችል ከመስመሩ ውጪ ቆማ ታያለች እንጂ አትገባም። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ከቡድናችን አንዷ በዚያ ዓመት ታጭታ ነበር፣ ሠርጓ ለጥር ተቆርጦ። የስፖርት መምህራችን ቤተሰቦቿ ጋ ሄደው «ውድድሩ እስኪያልፍ ብቻ ታገሱን» ብለው ለመኑ። ሠርጉ ወደ ሚያዝያ ተገፋ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ፈተና ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቷ ራሳቸው «ትጨርስ» አሉ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ቅርጫት ኳስ ነርስ አደረጋት እያልኩ አይደለም። አንድ ዓመት ገዛላት። ለእኛ ቤት ልጆች አንድ ዓመት ስንት እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለመሰናዶ የሚያበቃ ነጥብ አልመጣልኝም። ሰፈሩ ሁሉ «ኳሱ ነው ያጠፋት» አለ። ኳሱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት ነበር። ውሃ መቅዳቱና እናቴን ገበያ ማገዙ ግን በየቀኑ ነበር። እሱን ማንም አላነሳውም።

ጭቅጭቁ የእኛ ሀገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚህም ያው ነው። የምሠራበት ቤት የ14 ዓመት ልጅ አለች፣ ለትምህርት ቤቷ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። አያትየው «ልጃገረድ ኳስ ይዛ ስትሮጥ ያምርባታል?» ብለው ከማዳም ጋር ሲከራከሩ ሻይ እያቀረብኩ ሰምቻለሁ። የተስማሙት አዳራሹ ውስጥ ሴት ብቻ ከሆነና ስልክ ካልገባ ነው። እኔ ቦርሳዋንና ውሃዋን ይዤ አብሬ እሄዳለሁ። ማታ ማታ ሙቀቱ ሲቀንስ ሀውሹ ውስጥ ስትለማመድ ኳሱን አቀብላታለሁ። አንድ ቀን ጉልበቷን ሳታጥፍ በክንድ ብቻ ስትወረውር አይቼ «ከእግርሽ አንሺው» አልኳት። «አንቺ ከየት አወቅሽ?» አለችኝ። «ከደሴ» አልኳት።

ከእሷ የሰማሁት ነገር ደግሞ በጣም ገረመኝ። በፈረንጆቹ 2014 በደቡብ ኮሪያ፣ ኢንቺዮን በተደረገው የእስያ ጨዋታዎች የኳታር ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ከሞንጎሊያ ጋር ሊጫወት ሜዳ ደርሶ «ሂጃባችሁን አውልቁ» ተባለ። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ የሚሉት፣ ሕጉ ራስ መሸፈኛ ይከለክል ነበር። ልጆቹ አናወልቅም ብለው ጨዋታውን ትተው ወጡ። ከዚያ በኋላ በብዙ ሀገር ያሉ ተጫዋቾች ተነሱ። አንዷ አስማ ኤልበዳዊ ትባላለች፣ የሱዳን ተወላጅ ሆና እንግሊዝ ሀገር ያደገች ናት። እሷ የተሳተፈችበት አቤቱታ ከ130,000 በላይ ፊርማ አገኘ። ፊባ በ2017 ሕጉን ቀየረ፣ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ ነው።

እኔ ቆጠርኩት። እኛ ደሴ ላይ በሻሽና በሱሪ የተጫወትነው ያ ሕግ ከተቀየረ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ነው። ስለ ሕጉ መኖር እንኳ አናውቅም ነበር። ከጎኔ የክርስቲያን ልጅ ቁምጣ ለብሳ፣ እኔ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ፣ ማንም ምንም አላለንም። ወሎ እኮ ነው!

ሌላም አንብቤያለሁ፣ ዓርብ ዕረፍቴ ላይ ከስልኬ። ጨዋታው የተፈጠረው በ1891 አሜሪካ ውስጥ ነው፣ ለወንዶች። በዓመቱ ለሴቶች ያስጀመረችው ሰንዳ በረንሰን የምትባል መምህርት ናት። እሷም ስደተኛ ናት፣ ከሊትዌኒያ በልጅነቷ ከቤተሰቦቿ ጋር የሄደች። ሴት ይደክማታል ይባል ስለነበር ሜዳውን ለሦስት ከፍላ ማንም ከክፍሏ እንዳትወጣ አደረገች፣ ከሌላዋ እጅ ኳስ መንጠቅም ከለከለች። በ1893 ተማሪዎቿ ሲጫወቱ ወንድ እንዳይገባ ተደርጎ ነበር። እንግዲህ እዚህ አዳራሹ በር ላይ የማየው ነገር አሜሪካም ነበር ማለት ነው። ሁሉም ሀገር ልጆቹን ወደ ሜዳ ያስገባው በአንድ ቀን አይደለም፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ነው። በ2027 የዓለም የወንዶች ቅርጫት ኳስ ዋንጫ የሚደረገው እዚሁ ዶሃ ነው። የቤቱ ልጅ ከአሁኑ ቀን ትቆጥራለች።

ወደ እህቴ ልመለስ። ለአባቴ በማግስቱ ደወልኩ። እውነት ለመናገር የመንገዱ ፍርሃቱ ልክ ነው፣ የሀገራችንን ሁኔታ የምታውቁት ነው። ስለዚህ ከመከራከሬ በፊት የስፖርት መምህሯን ስልክ ተቀብዬ ሦስት ነገር ጠየቅኩ። ከልጆቹ ጋር ሴት መምህር ትሄዳለች ወይ? የሚያድሩት የት ነው፣ በሩ ይቆለፋል ወይ? የሚሄዱትና የሚመለሱት በቀን ነው ወይ? ሦስቱንም በደንብ መለሱልኝ። ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትኖር አክስት አለችን፣ እሷም ማታ ማታ ሄዳ ልታያት ተስማማች።

ከዚያ አባቴን «አባዬ፣ የጤፉንም እልካለሁ፣ የጫማውንም እልካለሁ። ትምህርቷን ጨርሳ እኔ ጋ ልምጣ ካለች ያኔ እንነጋገራለን። አስረኛ ላይ አቋርጣ ትምጣ የሚለውን ግን ሁለተኛ አታንሱብኝ» አልኩት። ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለ።

እሺ ያለው አምኖበት ይሁን ወይስ ብሩን የምልከው እኔ ስለሆንኩ፣ እስካሁን አላውቅም። ቢሆንም ቃሌን አልመልሰውም። እህቶቼ፣ እዚህ እኛ «ያላ፣ ነይ» ስንባል የምንሮጥ ነን። እዚያ ቤት ግን ድምፅ አለን። ቆርቆሮ ሲገዛ እንጠየቃለን፣ በሬ ሲገዛ እንጠየቃለን። የታናናሾቻችን ነገር ሲመጣ ለምን ዝም እንላለን?

የላክሁት 4,000 ብር ነው። ለጫማ፣ ለካልሲ፣ ደግሞ ለሞዴስ። ሞዴሱን እንዳትረሱ፣ እኛ ጊዜ አንዷ ልጅ በእሱ ምክንያት ነው ሜዳ ሳትገባ ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የተመለሰችው። ለመምህር መናገር አፍራ።

ኳስ እንጀራ ይሆናል አልላችሁም። እህቴም ብሔራዊ ቡድን ትገባለች ብዬ አላልምም። ተሸንፋም ትመለስ ይሆናል። ግን ሰኞ ጠዋት ተመልሳ ክፍል ትገባለች፣ የሚቀጥለው ዓመት ውድድርም አስራ አንደኛ ክፍል የምትማርበትን ምክንያት ይሰጣታል።

የሚሄዱት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዱዓ አድርጉላቸው፣ ጸልዩላቸው። እናንተስ፣ እህታችሁ ወይ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃችሁ ታውቃለች? ምን አላችኋት? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አንብቤ እመልሳለሁ። አላህ ሁላችንንም በሰላም ለሀገራችን ያብቃን።