«አልሐምዱሊላህ» ካልን በኋላ ለሐኪም የሚነገር



ወላጆቻችንን «እንዴት አደራችሁ?» ስንላቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲያማቸው ቢያድርም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ይሉናል። ምስጋና ነውና ይህ ቃል ከአፋቸው አይጥፋ። ችግር የሚመጣው ሐኪሙም ያንኑ ጠይቆ ያንኑ መልስ ሲያገኝ ነው። ምስጋናው እንደ ምርመራ ውጤት ይያዝና ሕክምናው እዚያው ላይ ያበቃል።

በእናቴ እጅ ያየሁት ይህንን ነው። ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየች። ጀሶው ሲፈታ ሐኪሙ ራጁን አየና «አጥንቱ ገጥሟል፤ እንዴት ነዎት?» አላት። «አልሐምዱሊላህ» አለች። በዚሁ ተሰናበትን።

አጥንቱ በእርግጥ ገጥሞ ነበር። እጁ ግን ወደ ሥራው አልተመለሰም። ሊጥ ማቡካት አልቻለችም፤ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን የምታነሳው በግራዋ ነው፤ ሱጁድ ስትወርድ መዳፏን መዘርጋት ስለማይሆንላት በቡጢዋ ትደገፋለች። ራጅ አጥንት ያሳያል እንጂ ይህንን አያሳይም።

ከሳምንታት በኋላ ፊዚዮቴራፒ ጀመረች። ባለሙያዋ እጇን ከመንካቷ በፊት አንድ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ የክንድ፣ የትከሻና የእጅን አቅም የሚለካ መጠይቅ ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ መነሻ ፊደላት ዳሽ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ የሆነ ሲሆን፣ የአሜሪካ የአጥንት ሐኪሞች አካዳሚና ቶሮንቶ የሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም በጋራ ያዘጋጁት ነው። ሙሉው 30 ጥያቄ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አጭሩ ደግሞ 11። ለእናቴ የተነበበላት አጭሩ ነበር።

ጥያቄዎቹ «እንዴት ነዎት?» አይሉም። ባለፈው ሳምንት የጠበቀ ክዳን መክፈት ምን ያህል አስቸገረዎት? ከባድ የቤት ሥራስ? የገበያ ዘንቢል መያዝስ? ጀርባዎን መታጠብስ? በቢላ መቁረጥስ? ሕመሙ፣ መደንዘዙ፣ እንቅልፍ መንሳቱስ? ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይሰጣል። 1 ማለት ምንም አልተቸገርኩም፣ 5 ማለት ጭራሽ አልቻልኩም ነው።

ባለሙያዋ ገና ሳትጀምር «አንተ እንዳትመልስላት» ብላ ነገረችኝ። ምክንያቱም መጠይቁ የሚፈልገው የባለቤቷን ቃል ነው። እናቴ በመጀመሪያ አፈረች። ክዳኑ ላይ ስትደርስ ግን «ኧረ እሱንስ ጭራሽ!» አለች። ከዚያ በኋላ ቃሏ ተፈታ።

ስሌቱ ቀላል ነው። መልሶቹ ተደምረው ለተመለሱት ጥያቄዎች ብዛት ይካፈላሉ፤ ከውጤቱ 1 ተቀንሶ በ25 ይባዛል። 0 ምንም ችግር የለም፣ 100 ደግሞ የመጨረሻው ችግር ማለት ነው። እናቴ ስለ ጎልፍና ቴኒስ የሚያነሳውን የመዝናኛ ጥያቄ ዘለለችው፤ በአጭሩ መጠይቅ አንድ ጥያቄ መዝለል ይፈቀዳል። የአሥሩ ድምር 35 መጣ፤ ውጤቱም 62.5። «ደህና ነኝ» ያለችው እናቴ ማለት ነው!

ያ ቁጥር ሕክምናውን አቀናው። የእንቅስቃሴ ልምምዱን በየቀኑ ቤት ውስጥ እየሠራች ከሁለት ወር በኋላ ስትጠየቅ 25 ሆነ። የሁለትና የሦስት ነጥብ ልዩነት ብዙ ትርጉም አይሰጠውም። ከ10 እስከ 15 ነጥብ ከወረደ ግን በሽተኛው ራሱ የሚያውቀው ለውጥ ነው።

አንዳንዱ «ሕመምን ዘርዝሮ መናገር ከሶብር ያጎድላል» ብሎ ይሰጋል። የፋጢማን (ረዲየላሁ ዐንሃ) ታሪክ እናስታውስ። ወፍጮ እጃቸውን እንደጎዳቸው ለአባታቸው ለመንገርና አገልጋይ ለመጠየቅ መሄዳቸው በሐዲስ የታወቀ ነው። የትኛው አካላቸው በየትኛው ሥራ እንደተጎዳ ለይተው ተናገሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ሲነገራቸው አልተቆጡም። ራሳቸው ወደ ልጃቸው ቤት መጥተው ከመኝታ በፊት የሚባለውን ተስቢሕ አስተማሯቸው። በጌታችን ውሳኔ ማማረርና ሊረዳን ለሚችል ሰው ጉዳትን መግለጽ አንድ አይደሉም።

በእርግጥ መጠይቁም ሁሉን አያውቅም። የተጻፈው በሌላ አገር ኑሮ ነው፤ ስለ ሊጥ፣ ስለ ውዱእና ስለ ሱጁድ አይጠይቅም። ለዚህም ሌላ ዘዴ አለ፦ በሽተኛው ራሱ ያቃቱትን ከሦስት እስከ አምስት ሥራዎች ይመርጥና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል። 0 ጭራሽ አለመቻል፣ 10 እንደ ድሮው መቻል ነው። እናቴ መጀመሪያ የጠራችው ሱጁድን ነበር፤ ሁለተኛ ልብስ መጭመቅን። ባለሙያዋም መዳፍ ዘርግቶ የመደገፍ ልምምድ ጨመረችላት።

እናትና አባታችሁን ወደ ሐኪም የምትወስዱ ወጣቶች፣ እነዚህን ነገሮች ያዙልኝ፦

1. ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሳምንት እጃቸውን ልብ በሉ። ምን ሥራ ተዉ? ምኑን ወደ ሌላኛው እጅ አዛወሩ? ጻፉት።

2. ሐኪሙ ፊት ከእነሱ ቀድማችሁ አትመልሱ። ካፈሩ «እማ፣ የክዳኑን ንገሪው» ብላችሁ ብቻ አስታውሷቸው።

3. ጥያቄ ሲነበብላቸው መልሱን ወደ ደግ አታዘንብሉት፤ ወደ ክፉም አታጋንኑት። ቁጥሩ የሚጠቅመው እውነት ሲሆን ነው።

4. የመጀመሪያውን ቁጥር ከነቀኑ ያዙ። ቀጥሎ የሚመጣው ከእሱ ጋር ካልተነጻጸረ መሻል አለመሻሉ አይታወቅም።

መጠይቁ በሽታው ምን እንደሆነ አይነግረንም፤ እሱ የሐኪሙና የራጁ ሥራ ነው። የሚነግረን በሽታው ከሰውየው ኑሮ ምን እንደወሰደ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን «አልሐምዱሊላህ» ይበሉ፤ ቀጥለው ደግሞ «ክዳን መክፈት ግን አቅቶኛል» ይበሉ። ሁለቱም እውነት ነው።

አላህ በሕመም ላይ ያሉትን ሁሉ ሙሉ ጤና ይስጣቸው፤ የወላጆቻችንንም እጅ ያበርታልን። አሚን።